አባቴና ትንሿ ኤም

ልጅ እያለሁ አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ካልጋሪ ውስጥ ዶቨር በሚባለው ሰፈር፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳው በሚሰማበት ጠባብ ቤት ስንኖር፣ እናቴ እንኳ «ሻለቃ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» ነበር የምትለው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠይቁን ሰዎችም በረዶውን ከካፖርታቸው እያራገፉ «ሻለቃ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ይሉታል። ጦሩ ከተበተነ ቆይቷል፤ እሱም ታክሲ ይነዳ ነበር። ማዕረጉ ግን ከእኛ ጋር በኬንያ በኩል ዞሮ ካናዳ ገብቷል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ ሚስ ሄለን ልብ ወለድ ጻፉ አለችን። በክረምቱ መሀል ችኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶውን ያቀለጠ ሰሞን ነበር፤ ክፍላችን እርጥብ ጓንትና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ሌሎቹ ስለ ፈረስና ስለ ሆኪ ሲጽፉ፣ እኔ አባቴ አንዴ የነገረኝን ወሰድኩ። በረሃ ላይ መንገድ ስለጠፋባቸው ወታደሮችና ውሃ ፍለጋ ስለመራቸው ሻለቃ። ከወታደሮቹ ውሃው ጋ የደረሱት ጥቂቶቹ ናቸው።

የሻለቃውን ስም አልጻፍኩም። የአባቴ ታናሽ ወንድም አገር ቤት ታስሮ ስለነበር፣ አባቴ የቤተሰባችን ስም ወረቀት ላይ ከወጣ በወንድሙ ላይ መከራው ይብስበታል ብሎ ይፈራል። እናቴ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስትለው፣ «አንዳንዱ ስም ደግሞ መቃብር ያስገባል» ይላታል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ሻለቃን በእንግሊዝኛ «ሜጀር» እያልኩ፣ በትልቁ የኤም ፊደል፣ በደንብ አሳምሬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ሚስ ሄለን ትልልቆቹን ኤሞች ሁሉ በቀይ ሰርዛ ትንሽ አድርጋቸዋለች።

አባቴ ሺፍት ሊገባ ምሳውን እየበላ አየው። መብላቱን ተወ። እንግሊዝኛ የተማረው ጦር ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ማዕረግ ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል ይጻፋል።

«ይቺ ሴትዮ ማዕረጌን ዝቅ አደረገችው?» አለኝ።

«አባዬ፣ ግራመር ነው» አልኩት። ከዚያ በላይ በአማርኛ ማስረዳት አልቻልኩም። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም።

በማግስቱ ሱፉን ለብሶ፣ ታክሲውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጎ መጣ። ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቱ ወደ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሲከፋው እንግሊዝኛው ስለሚጠፋበት እኔ መሀል ቆሜ አስተረጎምኩ።

ሚስ ሄለን ደግ ሴት ነበረች። የሰዋስው መጽሐፍ አውጥታ በጣቷ እያሳየች አስረዳችው። ማዕረግ ከስም ፊት ሲገባ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ «ሻለቃው» ተብሎ ብቻውን ሲቆም ግን በትንሽ።

«ጄኔራልም?» አለ አባቴ።

«ጄኔራልም፣ ንጉሥም።»

ትንሽ ቀለል ያለው መሰለኝ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ቀጠለች። «ታሪኩ በጣም ጥሩ ነው፤ ለወላጆች በምናዘጋጀው መጽሔት ላይ ላወጣው እፈልጋለሁ። ትልቁን ፊደል ከፈለጋችሁ ቀላል ነው፤ ስሙን ጨምሩበት።»

ይህን ስተረጉም ድምፄ አነሰብኝ። ውጭ ልጆች እየተሯሯጡ የቀለጠውን በረዶ ውሃ ያንቦጫርቃሉ።

«አባዬ፣ የውሸት ስም ልስጠው?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«እዚያ በረሃ የቀሩት ልጆች የውሸት ሻለቃ አልነበራቸውም» አለኝ። መጽሐፉን ትንሽ አየው። «ትንሽ ይሁን በያት።»

እንዳለኝ አልኳት። ሚስ ሄለን ነገሩ ያለቀ መስሏት ደስ አላት፤ ተነስታ ጨበጠችውና «ታንክ ዩ፣ ሰር» አለችው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደተወ ለእሷ መንገር አልችልም፤ ፊደል ብቻ ነው ብዬም እሱን ማጽናናት አልችልም። በመስኮት ሳየው ታክሲው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ደወሉ ተደውሎ ወደ ሒሳብ ክፍል ስንሄድ እንኳ እዚያው ነበር።

አጎቴ ከዓመታት በኋላ ተፈታ፤ ቤቱ ገብቶ፣ ኋላም በአልጋው ላይ ሞተ። እኔም አድጌ ማስተርጎም እንጀራዬ ሆነ፤ ሐኪም ቤት ውስጥ የሰዎችን ሕመም ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አሻግራለሁ። አሁን ስካይቪው ራንች በሚባል የካልጋሪ ሰፈር እኖራለሁ፤ አባቴም ከእኔ ጋር ነው። የሰፈሩ ወጣቶች «ጋሼ» ይሉታል፤ ሻለቃ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እንደዚያ ብለው የሚጠሩት ጓደኞቹ አንድ በአንድ አለቁ። ልጆቼ ያዩትን የበሉትን ሁሉ ከነስማቸው ስልክ ላይ ይለጥፋሉ፤ ስም የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ብነግራቸው ይስቃሉ።

ባለፈው ክረምት አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ «አባዬ፣ ያን ታሪክ እንደገና በስምህ ብጽፈውስ? አሁን እኮ የሚያስፈራን የለም» አልኩት።

ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ያኔ የፈራሁት ስሜን የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው» አለኝ። «አሁን ብትጽፊው ማን ያውቀዋል?»

ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካክዬለት አጠገቡ ተቀመጥኩ።