ሁለቴ የተቆጠሩ ቅጠሎች

ትናንት ከሰዓት የባዮሎጂ ቲቸራችን በክፍሉ በር ብቅ ብላ «ሠንጠረዥሽ ግድግዳው ላይ ይቆያል፤ የሰረዝሽውንም ቁጥር እንዳታጠፊው» አለችኝ። እስከ ቤታችን ጀሞ ድረስ ታክሲ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ሁለት ካርቶን ድንጋይ በውሰት መጥቶልን ነበር። ድንጋዮቹ ላይ የጥንት ቅጠሎች አሻራ አለ፤ የአንዱ ካርቶን ቀድሞ ከተነጠፈው ከታችኛው የአለት ንብርብር፣ የሌላው ከእሱ በኋላ ከመጣው ከላይኛው የተለቀመ ነው። የእኔ ሥራ የሁለቱ ዘመን ደን ምን ያህል እንደሚመሳሰል በቁጥር ማሳየት ነበር። ቅጠሎቹን በየዓይነታቸው ትቆጥራላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ከሁለቱ ካርቶኖች አነስተኛውን ቁጥር ወስዳችሁ ትደምራላችሁ፤ ድምሩን በሁለት አባዝታችሁ ለሁለቱም ካርቶኖች ጠቅላላ ቅጠል ታካፍላላችሁ። ዜሮ ከመጣ የሚጋሩት የለም፤ አንድ ከመጣ ልክ አንድ ናቸው። የእኔ ዜሮ ነጥብ ስምንት መጣ። ከሠንጠረዤ በላይ «ደኑ ብዙም አልተለወጠም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

እናቴ ጎፋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜ የላይኛውን ካርቶን ፎቶ በስልኬ ሳሳያት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አጎንብሳ አየች።

«እነዚህ ሰፋፊዎቹ ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ስድስት ናቸው።»

«እማዬ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ጨርቅ አጥፌ ስቆርጥ ግራና ቀኝ እጅጌ ይወጣል። ታዲያ ሁለት ሸሚዝ ነው ልበል? ይቺ የተቀደደች ጫፍ እዚህም አለች፣ እዚያም አለች፤ ዞራ ነው እንጂ።»

ድንጋይ ሲሰነጠቅ አንዱ ቅጠል ሁለቱም ግማሽ ላይ አሻራውን ይተዋል። እኔ ሁለቱንም ቆጥሬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየገጣጠምኩ አየሁ፤ ስድስት ጥንድ። እንደገና ሳሰላ ዜሮ ነጥብ ስድስት ሰባት ሆነ። ደኑ ካልኩት በላይ ተለውጧል፤ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች በጣም አንሰዋል።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ዜሮ ነጥብ ስምንትን በአንድ መስመር ሰርዤ አዲሱን ቁጥር ከጎኑ ጻፍኩና ለቲቸር ነገርኳት። «በቦታው የሌላ ልጅ ሥራ ልሰቅል እችላለሁ፤ ላስብበት» አለች። እስከ ትናንት ጠበቅኩ።

እሑድ ከሰዓት ወደ ኤግዚቢሽኑ ወላጅም ጎረቤትም መግባት ይችላል። ድንጋዮቹ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ኑና አንዱን ግማሽ አንሥታችሁ ሌላውን ፈልጉለት። እኔ ያመለጠኝ ሰባተኛ ጥንድ ካገኛችሁ፣ እርሳሱ ከሠንጠረዡ ጎን በክር ታስሯል፤ ቁጥሬን ሰርዙት።