የተፋቀው ቀይ ስም

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ታሪክ ሳስተምር እንኳ ከሰሌዳው እስከ በሩ ስመላለስ ነው ክፍለ ጊዜው የሚያልቀው። ተማሪዎቼ "መሬቱ ያቃጥለዋል" እያሉ ያሙኛል፤ እሰማቸዋለሁ። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን አባቴ ከገጠር ደወሉና የባሰ አቅበጠበጡኝ።

"ሳልሞት የአቅኚውን አያታችንን ነገር አጣራልኝ" አሉ። "በቤተ ክርስቲያናችን የተአምር መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አለ። ሄደህ በደንብ እየው። በደንብ ነው ያልኩህ!"

አቅኚው አያታችን ታቦቱን ከጠላት ሲያሸሽ በፈረስ ገደል የዘለለ ጀግና ነው ይባላል። የፈረሱ ኮቴ ያረፈበት ድንጋይ ዛሬም አለ። በልጅነቴ እጄን ከትቼበት ኮርቻለሁ፤ አሁን ሳየው ውሃ የቦረቦረው ይመስለኛል። ለተማሪዎቼ "ማስረጃው የታለ?" እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ፣ ይህን አባቴ ፊት ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ!

ቅዳሜ በጠዋቱ ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ቄስ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው አትሮንሱ ላይ አኖሩልኝ። ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሰጠ ሰው ስሙ በየንባቡ መጨረሻ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ካህኑ ባነበበ ቁጥር ለዚያ ስም ምሕረት ይለመናል። ገለጥኩ። የአያታችን ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል! ልቤ ዘለለ። ያን ሁሉ ዓመት በሆዴ የተጠራጠርኩትን ሰው ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ጣቴን በስሙ ላይ ሳሳልፍ ብራናው ሻከረኝ። ቅጠሉን በበሩ ብርሃን አንጻር ያዝኩት፤ ስሙ ያለበት ቦታ ሳስቷል። ሌላውን ገለጥኩ፤ እሱም ሳስቷል። በገለጥኩት ሁሉ የነበረው ስም ተፍቆ የእኛ አያት ስም ተጽፎበታል።

"በስመ አብ!" ብዬ ጮህኩ። ቄሱ ደንግጠው አማተቡ።

ቤት ስደርስ አባቴን በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ከምሰሶ ምሰሶ እመላለሳለሁ።

"አባባ፣ ስሙ በሌላ ሰው ስም ላይ ነው የተጻፈው። የሆነ ቀጣፊ ፍቆታል።"

"አየኸው?" አሉ። "ቀጣፊው እኔ ነኝ።"

እግሬ ቆመ።

"በንጉሡ ዘመን የርስት ክርክር ነበረብን" አሉ። "ዳኛው 'በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ጽሑፍ አምጡ' አለ። አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ብራና መፋቅና የቁም ጽሕፈት ከየኔታ ተምሬ የጨረስኩ ዲያቆን ነበርኩ። መጽሐፉን ይታደስ ብለን ቤት አመጣነው። ረታን። አንተን ያስተማረህ ያ መሬት ነው።"

"ታዲያ ጀግናው አልነበረማ!"

"እንዴት አይኖርም? ነበረ እንጂ! ያልነበረው ጽሑፉ ነው።" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "የፋቅኩት የሴት ስም ነበር። መጽሐፉን ለነፍሷ ብላ የሰጠች ሴት ናት። ስድሳ ዓመት የእሷን ምሕረት ለእኛ አስለመንኩት። አሁን ንስሐ አባቴ 'ስሟን መልስላት' አሉኝ። እንዳላስበው ስታገል ኖሬ ስሟ ጠፋኝ፤ ዐይኔም አያነብ። አንድ ቦታ ሳልዘል አልቀርም። ፈልግልኝ፣ ልጄ።"

"ይህን በስልክ አይነግሩኝም ነበር?"

"አንተ ለጀግና ሲሆን ነው የምትሮጠው" አሉኝ። እውነታቸውን ስለነበር ተናደድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመለስኩ፤ ሰኞም ሥራዬን ትቼ ዋልኩ። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ቀይ ስም በፀሐይም በስልኬ መብራትም አየሁ። ቄሱ "ኧረ ትንሽ እረፍ" ቢሉኝ አልሰማኋቸውም። እንዲህ አጥብቄ የፈለግኩት ማስረጃ በዕድሜዬ የለም። መጨረሻው አካባቢ፣ ከአያታችን ስም ሥር፣ እንደ ጭረት የቀጠነ ቀይ ፊደል አየሁ። "ወለተ" ይላል። ወለተ ማን? ከዚያ ወዲያ ባዶ ብራና ነው። የክርስትና ስሟ በወለተ የሚጀምር ሴት በአገሩ ስንት አለች!

ሰኞ ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

"'ወለተ' ብቻ?"

"ብቻ።"

"ሌላ ቦታስ? አንድም አልዘለልኩም?"

"አንድም አልዘለሉም፣ አባባ።"

ቀኝ እጃቸውን አውጥተው አገላብጠው አዩት።

"የኔታ ሲያመሰግኑኝ 'እንዳንተ አጥርቶ የሚፍቅ ተማሪ የለኝም' ይሉኝ ነበር" አሉና አለቀሱ።