ኛሩዋይ ሳሎን አትገባም

ኛሩዋይ እኔ ምግብ በማበስልበት ፔንሲዮን አንሶላ አጣቢ ሆና የተቀጠረችው ኮሮና ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ገብታ ነበር። የእርዳታው እህል አልበቃ ሲላት ልጆቹን ለእህቷ ትታ ጋምቤላ ከተማ መጣች። ረጅም ናት። እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ የምደርስበትን የልብስ ገመድ እሷ ክንዷን ሳትዘረጋ ታሰጣበታለች።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ቤተሰቦቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ አረጀሁ። ስለ በሽታ የማውቀው የተነገረኝን ነው። ያኔ ደግሞ የሚነገረው እጃችሁን ታጠቡ፣ ዕቃ አትነካኩ፣ ሁለት እርምጃ ተራራቁ ነበር።

የጤና ባለሙያው ኦሞድ መጥቶ የሳሎኑ ወለል ላይ በቢጫ ቀለም ክብ ክብ ሠራ፤ በየክቡ ላይ አንድ ወንበር ተቀመጠ። የፔንሲዮኑ ባለቤት እትዬ ሰይዳ ከክቡ የወጣ እግር ካየች ሾፌርም ይሁን ኃላፊ አትምርም። የበሩ እጀታ በቀን ሦስት ጊዜ በበረኪና ይወለወላል። ከዚያ በሩም መስኮቱም ጥርቅም ይደረጋል። ያለን አንድ ኤሲ ነው፤ እሱም ሳሎን ውስጥ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ትንኙ ይመጣል። ወባ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ለእኛ መስኮት መዝጋት ጥንቃቄ ነው።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት መጋቢት ላይ በአንድ ሳምንት አምስት ሰው ወደቀ። አራቱ እንግዶች ናቸው፤ አምስተኛው የእትዬ ሰይዳ ታናሽ ወንድም ዓሊ ነው። ዓሊ ኦክስጅን ላይ ዋለ።

«ክብ ያለፈ የለም» አለች እትዬ ሰይዳ ዓይኗ አብጦ። «ሳይታጠብ የገባ የለም። ታዲያ በምን ገባ?» መልሱንም ራሷ ሰጠች። «በአንሶላ ነው። የአምስቱም አንሶላ በአንድ እጅ ነው ያለፈው። እጁ ግን አልታመመም። ሺታዬ፣ እያት እስቲ» አለችኝ።

ስድስት ቀን በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋት። አንሶላውን በእንጨት አንስታ የፈላ ውሃ ውስጥ ትነክራለች፣ በረኪና ትጨምራለች፣ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። በሥራዋ የምነቅፈው አጣሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ ሳሎን አትገባም። ለደመወዝም ብትጠራ በሩ ላይ ትቆማለች። «ግቢ፣ ውስጥ ይቀዘቅዛል» ሲሏት «እዚህ ይሻለኛል» ትላለች፤ በሩ ሲከፈት ፊቷን ታዞራለች። ያላጠፋ ሰው ምን ያሸሸዋል ብዬ አሰብኩ።

በሰባተኛው ቀን ወደ ማታ እትዬ ሰይዳ ኦሞድን አስጠራችው። እኛ ሳሎን ውስጥ ሆንን፤ ኛሩዋይ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች።

«ሺታዬ፣ ምን አየሽ?»

«ሳሎን አትገባም» አልኩ። እውነት ነው። ግን ካየሁት ሁሉ መርጬ የተናገርኩት እሱን ነው።

«ለምንድነው የማትገቢው?» አለቻት እትዬ ሰይዳ።

«ቤቱ ታፍኗል» አለች ኛሩዋይ። «የአባቴ ከብቶች የሚያድሩት ትልቅ የሣር ቤት ውስጥ ነበር። ለትንኙ እበት እናጨሳለን። በሩ ሲዘጋ ጭሱ እሳቱ ጋ ያለውንም ጥግ የተኛውንም እኩል ያስለቅሳል። አባቴ የሚያስል ሰው ካለ ደጅ ተኙ ይለናል። ትንፋሽም እንደ ጭስ ነው ይላል።» ከጠረጴዛው ሥር የሚጨሰውን የትንኝ ማባረሪያ አሳየችን፤ ጭሱ በወንበሮቹ መሃል እየተንሳፈፈ ነበር። «እየው ኦሞድ፤ ቀለምህ ጋ ሲደርስ ይቆማል?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ኦሞድ ግን አልሳቀም።

«ጭስ ሌላ፣ በሽታ ሌላ። ይሄ በጠብታ ነው የሚወጣው። ጠብታ ይከብዳል፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ መሬት ይወድቃል። ሠልጥነንበታል።»

«መሬት ከወደቀ፣ የታመሙት መሬት ልሰው ነው?»

«በወንድሜ ትቀልጃለሽ!» እትዬ ሰይዳ ተነሳች። «በቃ፣ ውጪልኝ! ነገም እንዳትመጪ!»

ኛሩዋይ ወደ እኔ አየች። እኔ የያዝኩትን ትሪ አየሁ። ሳፋዋን ደፍታ ሄደች።

ዓሊ ከስቶ ተመለሰ፤ ሌሎቹም ዳኑ። አንሶላው በእኔ ላይ ተጨመረ። ዓሊ የተኛበትን ሳይቀር አጠብኩ፤ አልታመምኩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኦሞድ ከሌላ ሥልጠና ተመልሶ መጣ። ወለሉን እያየ ነበር የሚያወራው። «አየር ላይ ይቆያል ተብሏል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይንሳፈፋል። መስኮት ክፈቱ።»

«እንደ ጭስ?» አልኩት።

«እንደ ጭስ» አለ ቀስ ብሎ።

እትዬ ሰይዳ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በሳምንቱ መስኮቶቹን የሽቦ ወንፊት አስመታች፤ ከዚያ ኛሩዋይን ፈልጊያት ብላ ላከችኝ።

ባሮ ዳር፣ ዛፍ ሥር የሾፌሮች ልብስ ስታጥብ አገኘኋት።

«እትዬ ሰይዳ ተመለሽ ብላሻለች። አሁን መስኮቱ ክፍት ነው።»

የያዘችውን ሱሪ ጨምቃ ከጨረሰች በኋላ፣ «በመስኮት ታዪኝ ነበር» አለች። «የፈላ ውሃውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«በረኪናውንስ?»

«አይቻለሁ።»

«አልተናገርሽም።»

«አልተናገርኩም።»

«አሁን ማን ያጥባል?»

«እኔ።»

«ታመምሽ?»

«አልታመምኩም።»

«እንግዲህ ተጠንቀቂ፤ አንቺንም ይጠረጥሩሻል» ብላ ሳቀች። ተቀመጪ አላለችኝም። ወደ ሳፋዋ ዞረች።

አልተመለሰችም። እኔም ሁለተኛ አልሄድኩም። ነገ ማክሰኞ ነው፤ ዐሥራ አራት አንሶላ ይጠብቀኛል። በርጩማዬን ይዤ ገመዱ ሥር እቆማለሁ።