ከክፍሌ በር ላይ የተቀመጡት ሴትዮ

ዛሬ ጠዋት መካነ ሰላም ባደርኩበት ርካሽ አልጋ ቤት የክፍሌን በር ስከፍት፣ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ በሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ደንግጬ ሻንጣዬን ወደ ኋላዬ ሳብኩ።

ሴትዮዋን ከትናንት ጀምሮ ጠርጥሬያቸው ነበር። ወደ አገሬ ወደ ወግዲ የሚሄደው መኪና አምልጦኝ ገና ስገባ፣ "ከጂዳ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። ማን ነገራቸው?

ቀጥለው የመረጥኩትን ክፍል ከልክለው ከራሳቸው ክፍል አጠገብ ያለውን ሰጡኝ። በሩ መቀርቀሪያ የለውም!

አልጋውን ገፍቼ በሩን ደገፍኩበት። (ሲንሲያጠጥ ከተማው ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።)

"እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?" አልኳቸው ቆጣ ብዬ።

ከመቀነታቸው ጉርድ ፎቶ አወጡ። "ይቺን ልጅ ጂዳ አይተሻት ታውቂያለሽ? ልጄ ናት። ድምጧ ከጠፋ ቆየ። ትናንት እንዳልጠይቅሽ ደክሞሽ ነበር፣ አሳዘንሽኝ። ከጂዳ መምጣትሽን ሻንጣሽ ላይ ካለው ወረቀት አይቼ፣ ጠዋት ሳልጠይቅሽ እንዳትሄጂብኝ ነው ከአጠገቤ ያሳደርኩሽ።"

አላየኋትም። ይህንኑ ስነግራቸው፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ እንኳን በሰላም ገባሽ" ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

ፎቶዋን በስልኬ አንስቼ ጂዳ ላሉ ጓደኞቼ ልኬያለሁ። እስካሁን ያወቃት የለም።

እናንተስ፣ ሌባ መስሏችሁ የሸሻችሁትን ሰው ጭንቀቱን ይዞ የቆመ ሆኖ ያገኛችሁበት ቀን አለ? እስኪ ንገሩኝ።