የሆዶ ፍየል ወተት

መክሊት የሺጥላ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት፣ ደብረ ሲና ያሉ ዘመዶቿ ባሕር ማዶ እንደምትሄድ አድርገው ነው ያለቀሱላት። እናቷ ሻንጣዋን እየዘጉ ሁለት አደራ አሸከሟት። "እንደ አገሩ ኑሪ፣ ሰው አታስቀይሚ። ጾምሽን ደግሞ አደራ፣ እንዳትሽሪ።" ሁለቱ አደራዎች አንድ ቀን እርስ በርስ እንደሚጣሉ እሳቸው በምን ያውቁ?

የመጀመሪያውን አደራ ቶሎ ለመደችው። የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ስትገባ፣ ሻሿን እንደ ከተማው ሴቶች አጥብቃ ማሰር፣ ወንድ ካልዘረጋ እጅ አለመዘርጋት፣ በግራ እጅ ዕቃ አለማቀበል ሁሉ ገብቷታል። ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገችው የክፍል ጓደኛዋ ዐናብ "አሁንስ ከእኔ ብሰሻል" እያለች ትቀልድባት ነበር።

በ2009 ድርቁ ጠና። ከሀርሺን ወረዳ ከብቱ ያለቀበት ሰው መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ ሰፈረ፤ በላዩ ላይ ተቅማጥ ገባበት። ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ እየሄዱ እናቶችን ያስተምሩ ጀመር፤ መክሊት ትናገራለች፣ ዐናብ በሶማሊኛ ታስተረጉማለች። አስተባባሪያቸው ደበሌ ቆፍጣና ሰው ነው። ገና ከመኪና ሳይወርዱ "ሃይማኖትና ፖለቲካ የሚባል ነገር እንዳታነሱ" ብሎ አስጠነቀቃቸው። መልካም ምክር ነው። መልካም ምክርም ያለ ቦታው ሲውል ሰው ይገድላል።

ሆዶ የምትባለዋን ሴት ያገኟት ከሸራዎቹ በመጨረሻው ሥር ነው። ባሏ የተረፉትን ግመሎች ይዞ ሣር ፍለጋ እንደወጣ ደብዛው ጠፍቷል። የቀራት አንዲት የወለደች ፍየልና የሦስት ዓመት ልጇ ሙና ናቸው። ከፍየሏ የሚገኘው አንድ ጣሳ ወተት ነው የሙና ነፍስ።

መክሊት የተማረችውን አስረዳች። በሽታው በዓይን እንደማይታይ፣ በሚጠጣ ነገር እንደሚገባ፣ ያላመኑትን ለልጅ ማጠጣት እንደማይገባ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሆዶ ልብ ብላ ሰማች። ሲጨርሱ ተነስታ ጣሳውን አመጣችና በሁለት እጇ ለእንግዳዋ ዘረጋች።

"ተቀበያት፣ ወተት አይመለስም" አለች ዐናብ ቀስ ብላ።

ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። "ጾም ላይ ነኝ" እንዳትል የደበሌ ማስጠንቀቂያ ጆሮዋ ላይ አለ፤ ደግሞም የሕፃኗ ዓይን ጣሳው ላይ ተተክሏል። መክሊት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ሆዶ ወተቱን ጎንበስ ብላ አየችው፣ እንደገና መክሊትን አየቻት፣ ከዚያ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች።

መንገድ ላይ ዐናብ ተቆጣች። "አስቀየምሻት እኮ። ጾም ነኝ ማለት ምን ያስፈራል?"

"አታንሱ ተባልን አይደል? በሚቀጥለው ይቅርታ እጠይቃታለሁ።"

በሚቀጥለው ሲመጡ ሥራው በዝቶ ይቅርታው ተረሳ። በሦስተኛው ሙና ከስታ አገኟት፤ በአራተኛው አንገቷ ራሷን መሸከም አቅቶታል። መክሊት ልጅቷን ተቀብላ አቀፈቻት። "ምን ትበላለች?" ብላ አስጠየቀች።

"ሻይ" አለች ሆዶ።

መክሊት ፍየሏ ነጥፋ ነው ብላ ደመደመች፤ ያን ጊዜ ያልነጠፈ ምን ነበር? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እሷ ስለ ውሃው ስታስተምር ነገሩን ከሥሩ ሳትጠይቅ ቀረች። የተገኘውን አልሚ ምግብ ሰጠች፣ ልጅቷን ተሸክማ እስከ ሕክምና ድንኳኑ ወሰደች። ዘግይቶ ነበር።

ሙና የተቀበረችው በሕማማት ሳምንት ዓርብ ነው። በማግስቱ፣ ለፋሲካ ሰዓታት ሲቀሩ፣ መክሊትና ዐናብ ለቅሶ ደረሱ። ሆዶ ሸራው ደጃፍ ተቀምጣለች። አጠገቧ ፍየሏ ቆማ ግልገሏ ይጠባል። ጥጋበኛ፣ ድብልብል ያለ ግልገል። በዚያ ሰፈር እንደሱ የወፈረ ፍጥረት አልነበረም።

"ፍየሏ አልነጠፈችም እንዴ?" አለች መክሊት።

"ነጥፋ አታውቅም።"

"ታዲያ ሙና..."

ሆዶ ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰች፤ ስታስተረጉም የተሰበረው የዐናብ ድምፅ ነው። "በሽታው በሚጠጣ ነገር ይገባል አልሽኝ። ወዲያው ወተቴን አይተሽ መለስሽው። ሐኪም የፈራችውን ለልጄ ላጠጣ? ለግልገሉ ተውኩለት።"

መክሊት አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። "ጾም ነበርኩ" አለች። "ሌላ ምንም አይደለም። ጾም ነበርኩ።"

ዐናብ አስተረጎመችላት። "ጾምማ እኛም እንጾማለን" አለች ሆዶ። "ጾም የማያውቅ ማን አለ? ምነው ያን ጊዜ ብትነግሪኝ።" መክሊት አለቀሰች፤ ሆዶ አላለቀሰችም።

ያመጣቸው ደበሌ የመኪናውን ጥሩምባ ሲነፋ ሆዶ ተነሳች። ግልገሉን ከእናቱ ነጥላ ያችኑ ጣሳ ሞላች፣ በጨርቅ ሸፈነችና ለመክሊት አስያዘቻት። "ዛሬም ጾም ነሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ፀሐይ ስትጠልቅ ትጠጪዋለሽ፣ አባዮ። ምንም የለበትም።"

አባዮ እህቴ ማለት ነው። የክርስቲያን ጾም በፀሐይ መጥለቅ እንደማይፈታ ሊነግራት የደፈረ የለም። መክሊት ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንዳይፈስባት በሁለት እጇ ደግፋ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና ጅግጅጋ አልገቡም ነበር። ጨርቁን ገለጠችና ጠጣችው።