በበረኪና የተያዘ ብስባሽ

ሻሺቱ የሴቻ ጎረቤቴ ናት። እንግዳ ሁሉ ጫማውን በሯ ላይ ያወልቃል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እስክፈታ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምክንያት አላት። ልጅነቷ ያለፈው ደጋ፣ ዶርዜ ላይ የከብት ፍግ በጀርባዋ እየተሸከመች የእንሰት ጓሮ ስትመግብ ነው። ወደ ከተማ፣ ወደ ሴቻ ስትወርድ ዳግመኛ ፍግ ላትነካ ለራሷ ቃል ገባች።

እናቷ አምና ሲያርፉ ግን ከጓሯቸው አንድ የእንሰት ችግኝ ይዛ መጣችና ከኩሽናዋ ጀርባ ተከለችው። ከእናቷ የቀራት ያ ብቻ ነው። እንሰቱ የሴቻን ሙቀትም፣ በየቀኑ የሚጠረገውን ደረቅ መሬቷንም አልወደደውም፤ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይገረጣ ጀመር።

ያኔ ስልኳ ላይ የኮምፖስት አሠራር አየች። ፍግ ሳይነኩ ማዳበሪያ ማግኘት! ጉድጓድ አስቆፈረች፤ የድንችና የሙዝ ልጣጩን አጥባ ጨመረች። ትል ስታይ በእንጨት እየለቀመች ጣለች። እንዳይሸት ደግሞ በየጊዜው በረኪና አርከፈከፈችበት። ከወራት በኋላ ስትከፍተው ልጣጩ እንደገባ ነበር፤ ትንሽ ነጣ ከማለቱ በቀር። እንዳይበሰብስ የምትችለውን ሁሉ አድርጋ ስታበቃ ለምን አልበሰበሰም ብላ ማዘኗ አስገረመኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የብዙዎቻችን ኑሮ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታናሽ ወንድሟ ዓለሙ ሸማ ሊሸጥ ከዶርዜ ወርዶ ጎራ አለ። ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ በረኪናውን አሸተተ።

«እህት ዓለም፣ እዚህ ማንን ልታክሚ ነው?»

አልሳቀችም። እንሰቱን አሳየችው፤ የእሱም ፊት ተለወጠ።

«ፍግና አመድ ረግጦ ማቀላቀል ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አላት።

«ረስቼዋለሁ።»

«እግርሽ አይረሳም።»

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጆንያ ፍግ ላከላት። መጀመሪያ ጓንት አጠለቀች፤ ጓንቱ አላሠራት ሲል ወረወረችው፤ ቀጥሎ ጫማዋን። አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ልጣጩንና ፍጉን በባዶ እግሯ ስትረግጥ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። እንዳላየ አለፍኩ።

ብስባሹ ሲደርስ እንሰቱ ሥር ጨመረችው፤ ዝናቡ ሲመለስ ከመሐሉ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጣ። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ሰዎች እሷ ቤት ለጸሎት ስንሰበሰብ አንዷ አፍንጫዋን ይዛ ምን ሞቶ ነው ብላ ጠየቀች።

«የእናቴ ጓሮ ነው» አለች ሻሺቱ፤ መስኮቱንም አልዘጋችም።

ጫማ ማውለቁ ግን አልቀረልንም። ጭቃ ይዘን እንዳንገባ ትቆጣጠረናለች፤ ጥፍሯ ሥር ፍግ እያለ።