የአክስቴ የሺ ጆሮ

ልጅ ሳለሁ፣ ሞያሌ በኬንያ በኩል ስንኖር፣ ተረት የምንሰማው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር፤ ተረት የምታወራልን አክስቴ የሺ ቀን ቀን ብዙም ከቤት አትወጣምና። ፀጉሯም ቅንድቧም ነጭ ሆኖ፣ ቆዳዋ ቀለም ሳይኖረው የተወለደች ሴት ናት። ከጠይም እናትና አባት እሷና ታላቅ ወንድሟ ታደሰ እንዲህ ሆነው ስለተወለዱ፣ ሰፈሩ አያቴን የተረገመች ይላት ነበር አሉ። እናቴ ግን እንደ እኔው ጠይም ነች።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ አክስቴ ፋኖሱን ዓይኗን እንዳይወጋት ከጀርባዋ ታደርግና፣ የምድጃው ፍም ፊቷን እያቀላው፣ ድምጿን አጎርንና ጅቡን ትሆንልን ነበር። አንድ ምሽት ጅቡን መሃል መንገድ ላይ ትታ ዝም አለች። ጆሮዋን በነጠላዋ ስትጠርግ ደም አየሁ።

«ቁስሉ ቆይቷል፣ አልድን አለኝ» አለች። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

አጎቴ ታደሰ ጎልቦ በሚባለው ፀሐያማ ቆላ ግመል ሲነግድ ፊቱ ላይ የወጣበት ቁስል አንገቱ ድረስ ወርዶ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ታከም ሲሉት፣ እርግማን በመድኃኒት አይድንም ብሎ እምቢ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ፈራሁና ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት።

«የሺዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አለቻት እናቴ።

«ዳክታሪ ጋ ሄጄስ? እንደ ታደሰ ትሞቻለሽ ሊለኝ?»

«ይበልና እንስማው።»

ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተን ሦስታችንም ሄድን። ዶክተሩ ከቁስሉ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ፤ ውጤቱ ሲመጣ ሳምንታት አልፈው ነበር።

«ካንሰር ነው» አላት ረጋ ብሎ። «ግን ከጆሮዎ አላለፈም። እንዲህ በጊዜ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ቀለም የሌለውን ቆዳ ፀሐይ ስለሚጎዳው ግን ሌላ ሊወጣ ይችላልና ከፀሐይ ይጠንቀቁ፣ በየጊዜውም ይታዩ።» ቆዳዋንም እርግማን እንዳላመጣው ነገራት፤ አባቷም እናቷም በላያቸው ሳይታይ በደማቸው ይዘውት ኖረው፣ ከሁለቱም ስለደረሳት ነው አላት።

አክስቴም፣ «ወንድሜስ? እንዲህ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ?» አለችው።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እናቴም ልታባብላት ጀምራ፣ አብራት አለቀሰች።

የጆሮዋ ጫፍ ተቆረጠ፤ ቁስሉ ጠገገ፤ አክስቴ ዛሬም አለች። ከተረቶቿ ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ ያን ለቅሶ ግን አልረሳሁትም። ያኔ፣ ትድኛለሽ የተባለች ሰው ምን ያስለቅሳታል ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የታደሰ ሞት የግድ እንዳልነበረ የሰማችው ያን ቀን ነው፤ ወንድሟ ዳግመኛ የሞተባት ይመስለኛል።